ሰደድ እሳትና የደን ዳር ነዋሪ

በ1992 ዓ.ም. በጋ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ሰደድ እሳት ለሳምንታት ነደደ። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ደግሞ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ እሳት አጥፊዎች ከእስራኤል እስከ መምጣት ተደረሰ። እሳት ግን እንግዳ እስኪመጣ አይጠብቅም። ታዲያ መከላከሉ የማን ነው?

ብዙዎቻችን «እረኛው እንዳያቃጥል መከልከል ነው» እንላለን። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በባሌ ደጋ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲያረጅ ጥቅጥቅ ብሎ ከብት አያሳልፍም፤ ሣሩንም ያጠፋዋል። ስለዚህ እረኞች ከጥንት ጀምረው ያረጀውን እየመረጡ ያቃጥላሉ። በቅርብ ዓመታት የተቃጠለው ቦታ ገና ለጋ ስለሆነ እሳት አያሳልፍም፤ ለሚቀጥለው እሳት ድንበር ይሆናል። ተመራማሪዎችም በዚያው በባሌ ይህንኑ አረጋግጠዋል። ማቃጠል ተከለከለ፤ ነገር ግን አልቀረም። በስውር ለኩሶ የሚሸሽ ሰው ደግሞ እሳቱን ቆሞ አይጠብቅም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

በእኔ አስተያየት የት እንደሚቃጠል፣ ዝናብ ሲቃረብ በየትኛው ሳምንት እንደሚቃጠል ከአገር ሽማግሌዎች ጋር መስማማት ከክልከላው ይሻላል። ይህ ግን ለአስታው እንጂ ለትልልቁ ደን አይሠራም፤ ደን አንዴ ከተቃጠለ ቶሎ አይተካም።

በደን ለተከበበ ደብርና መንደር ሥራው ሌላ ነው። እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፤ ነፋስ የሚያመጣው ፍንጣሪም ነበልባሉን ቀድሞ የሣር ክዳን ላይ ያርፋል። ስለዚህ በጥር ወር በቤቱ ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣር ይታጨድ፤ ጭራሮና ድርቆሽ ከግድግዳ ይራቅ፤ ይልቁንም በቁልቁለቱ በኩል።