ዓይንና ምላስ የማይለዩት መርዝ በምን ይታወቃል?



ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙና ሻጩን እንደገሠጹት በመድረሳ ተምረናል። ክምሩ ከላይ ሲታይ ደረቅ ነበር። እጅ ወደ ውስጥ ባይገባ ኖሮ ጉድለቱ ባልታወቀ ነበር። የዛሬው ርዕሳችንም ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ ለልጆቻችን በማንኪያ የምንሰጠው ሽሮፕ ውስጥ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ። አራት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ሲመረመሩ ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል የተባሉ መርዞች ተገኙባቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ በእነዚሁ መርዞች በተበከሉ ሽሮፖች ሳቢያ ከ200 በላይ ሕፃናት ሕይወታቸው አለፈ።

መርዞቹ ወደ መድኃኒት እንዴት ሊገቡ ቻሉ? ሽሮፕ ሲዘጋጅ መድኃኒቱ እንዲሟሟ እንደ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ያሉ ወፈር ያሉ ፈሳሾች ይጨመሩበታል። ሁለቱ መርዞች ግን ለፋብሪካ ሥራ የሚውሉና ዋጋቸው የረከሰ ናቸው። እነርሱም ወፈር ይላሉ፤ ቀለም የላቸውም፤ ጣፋጭም ናቸው። አጭበርባሪ ነጋዴ የመድኃኒት ፈሳሽ የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት በርሜል ሞልቶ ቢሸጣቸው በዓይንም ሆነ በምላስ አይለዩም።

ከሚለዩባቸው ዋና ዋና ዘዴዎች አንዱ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ይባላል። አንቶኒ ጀምስና አርቸር ማርቲን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1952 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ከፈሳሹ ጥቂት ተወስዶ ከቀጠነ በኋላ ከጠብታ ያነሰው በመርፌ ወደ ጋለ ክፍል ይገባና ይተናል። ከዚያ እንደ ሂሊየም ያለ ጋዝ ተሸክሞት ብዙውን ጊዜ 30 ሜትር በሚረዝም፣ በተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋል። የቱቦው ውስጥ በልዩ ንጥረ ነገር የተቀባ ነው።

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አብረው ከመስጊድ የወጡ ሁለት ሰዎችን ያስቡ። አንዱ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላው ካገኘው ሁሉ ጋር እየቆመ ሰላምታ ይለዋወጣልና ዘግይቶ ይደርሳል። በቱቦው ውስጥም ከቅቡ ጋር ብዙ የሚጣበቀው ንጥረ ነገር ዘግይቶ፣ ብዙም የማይጣበቀው ቀድሞ ይወጣል። መሣሪያው ለእያንዳንዱ አንድ ጉብታ ይሥላል። የወጣበት ሰዓት ማንነቱን፣ የጉብታው ስፋት መጠኑን ይጠቁማል። ይህም የሚታወቀው አስቀድሞ ከተለካ ንጹሕ ናሙና ጋር በማነጻጸር ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ሰዓት ሊወጡ ስለሚችሉም ጥርጣሬ ሲኖር በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል። ለእነዚህ ፈሳሾች የተቀመጠው የመርዝ ወሰን 0.10 በመቶ ነው፤ ይህም ከ1000 እጅ 1 እጅ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ምርመራ በቤታችን ማድረግ አንችልም። ምርመራው በአምራቹና በተቆጣጣሪው ላይ ያለ አማና ነው። በእኛ በወላጆች ላይ ያለው አማና ደግሞ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሽሮፕ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ይግዙ። በሻንጣ የመጣ፣ በሱቅ የሚሸጥ ወይም ከጎረቤት የተረፈ ሽሮፕ ለልጅ አይስጡ።

ሁለተኛ፣ ቀላል ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በራሱ ይድናል። ለትንንሽ ልጆች የሳል ሽሮፕ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡ።

ሦስተኛ፣ ሽሮፕ የወሰደ ልጅ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከቆመ፣ ካስመለሰው፣ ከደከመና ከፈዘዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጠርሙሱንም ይዘው ይሂዱ፤ ለምርመራ ይጠቅማል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናቸውን ከሚወጡትም ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።