ምዕራፍ ሰባት፦ ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ መጻፍ

ሀ. ምንባብ

ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ የእያንዳንዱ ውጤት ምክንያት ምን እንደ ሆነ አስተውሉ።

የደብር ደን

በደቡብ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ በእርሻ መካከል ክብ ደን ከሩቅ ሲያይ፣ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ያውቃል። በዙሪያው ያለው ምድር ለእርሻና ለግጦሽ ስለ ተመነጠረ፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በአብዛኛው ተርፈው የሚገኙት በደብሩ አጥቢያ ነው። ምእመናን ስፍራውን ስለሚያከብሩት ዛፉን በዘፈቀደ መቁረጥ እንደ ነውር ይቆጠራል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረቡት ጥናት የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው፣ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መኖራቸውን መዝግበዋል።

ይሁን እንጂ መከበር ብቻውን ደንን አያቆይም። ከብቶች ወደ ውስጥ እየገቡ ችግኙን ስለሚግጡና ስለሚረግጡ አሮጌው ዛፍ ተተኪ ያጣል። የብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ከጠፋች መሬቱ ብቻውን መልሶ አያበቅላትም። ፈጥኖ የሚያድገውና ገንዘብ የሚያስገኘው ባሕር ዛፍም የአገር በቀሉን ቦታ ይሻማል።

በአንዳንድ ደብሮች ካህናትና ገበሬዎች ከማሳ የለቀሙትን ድንጋይ ተሸክመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ከብት በማይደርስበት ስፍራ ችግኝ የመጽደቅ ዕድሉ ይጨምራል። ሆኖም ካቡ የግጦሹን ቦታ ስለሚያጠብ፣ ሥራው የሚጸናው ባለ ከብቱም ሲስማማበት ነው።

ለ. ማስገንዘቢያ

«ስለ» በስም ላይ ሲገባ ነገሩ የሚነገርለትን ያመለክታል፤ «ስለ ደኑ ተነጋገሩ» እንደሚባለው። በግሥ ላይ ሲገባ ግን ምክንያትን ይገልጻል፤ «ምድሩ ስለ ተመነጠረ» እንደሚለው። «ስለዚህ» ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ያያይዛል። ሁለቱን ለአንድ ምክንያት በአንድነት መጠቀም ስሕተት ነው። ስለዚህ «ከብት ስለ ገባ ስለዚህ ችግኙ ጠፋ» አይባልም።

ሐ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ስለ» በግሥ ላይ የገባባቸውን ቦታዎች አውጡና ምክንያቱን ከውጤቱ ለዩ።

2. «ሐረግ» በምንባቡ ውስጥ ምን ማለት ነው? በሰዋስው ትምህርትስ?

3. በማስገንዘቢያው የተጠቀሰውን የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ አርማችሁ ጻፉ።

4. የአንድ ደብር ሰዎች ካብ ለመካብ ተሰብስበዋል እንበል። አንድ ባለ ከብት «ላሞቼን የት ላሰማራ?» ብለው ጠየቁ። በመጀመሪያ የእርሳቸውን ምክንያት፣ ቀጥሎ የደብሩን መልስ በሁለት አንቀጽ ጻፉ። የባለ ከብቱን ችግር የማይመልስ ድርሰት የተሟላ አይደለም።