አሮጌ አርፒጂ መግዛት ያዋጣል?

(በጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ሊገዛ ባሰበ ወጣትና ኤሌክትሮኒክስ በሚጠግኑ ጎረቤቱ መካከል የተደረገ ምልልስ)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አንድ ልጅ ፋይናል ፋንታሲ 10 የሚባል አርፒጂ ጌም ከነፕሌይስቴሽን 2ው ልሽጥልህ ብሎኛል። ፕሌይስቴሽን ቤት የማውቀው ኳስ ብቻ ነው፤ አርፒጂ ነክቼ አላውቅም። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ስለሆነ ዋጋው ርካሽ ነው። ልግዛው ይላሉ?

ጋሼ፦ ርካሽ ያልከው ብሩን ብቻ ቆጥረህ ነው። አርፒጂ ትልቁን ሒሳብ የሚያስከፍልህ ከጊዜህ ነው። ኳስ ሲሆን አንድ ግጥሚያ ተጫውተህ፣ ከፍለህ ትወጣለህ፤ የነገው ግጥሚያ ከዛሬው ጋር ዝምድና የለውም። አርፒጂ ግን አንድ ረጅም ታሪክ ነው፤ ዛሬ ያጠነከርከው ተዋጊ ከወር በኋላም ይፈለጋል። የፋይናል ፋንታሲ 10ን ዋና ታሪክ ብቻ ለመጨረስ ከ40 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በየምሽቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትቀመጥ፣ ትንሹ 10 ሳምንት ነው። በግጥሚያ ሒሳብ የሚሠራ ፕሌይስቴሽን ቤት እንዲህ ያለውን ጌም የማይመርጠውም ለዚሁ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ራስህን የምትጠይቀው «እጨርሰዋለሁ ወይ?» ብለህ ይሁን። ግማሽ ላይ የሚተው አርፒጂ በነጻ ቢሰጥህም ውድ ነው።

ወጣቱ፦ እሱማ ልክ ነው። ግን ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ጌም አላረጀም? ሥዕሉም አጨዋወቱም የዘንድሮውን ላየ ሰው አይሰለችም?

ጋሼ፦ አርጅቷል፤ ግን ሁሉ ነገሩ እኩል አላረጀም። ጌም ውስጥ ቶሎ የሚያረጀው በፍጥነትና በእይታ ላይ የቆመው ክፍል ነው፤ የድሮ ኳስ ጌም ከአዲሱ አጠገብ ሲታይ የተጫዋቾቹ ሩጫ ግትር የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው። የፋይናል ፋንታሲ 10 ውጊያ ግን ተራ በተራ ነው። ቀጥሎ ማን እንደሚመታ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በሰልፍ ይታያል፤ አንተ አስበህ እስክትወስን ጠላት ቆሞ ይጠብቃል። ከተዋጊዎችህ የሚሰለፉት ሦስት ሲሆኑ በውጊያው መሃል አንዱን አስወጥተህ ሌላውን ማስገባት ትችላለህ፦ የሚበረውን ጠላት ዋካ በኳሱ ይመታዋል፣ ቅርፊቱ የጠነከረውን አውሮን በሰይፉ ይሰብረዋል፣ ሰይፍ የማይገባውን ሉሉ በአስማቷ ትጥለዋለች። ነገሩ እንደ ገበጣ ነው፤ እንጨቱ ቢያረጅም ጠጠሩን ከየት አንስተህ የት እንደምትዘራ ማሰቡ አያረጅም። በሌላ በኩል በእርግጥ ያረጀም አለ። የታሪኩን ትዕይንቶች መዝለል አይቻልም፤ ከባድ ጠላት ካሸነፈህ፣ ከውጊያው በፊት ያለውን ረጅም ትዕይንት በተመለስክ ቁጥር ደግመህ ታያለህ። መንገድ ላይም ጥቂት በተራመድክ ቁጥር ድንገት ውጊያ ይገጥምሃል። በዘመኑ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ትዕይንቱ ይህን ያህል ከበዛ፣ ዩቲዩብ ላይ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር አይቼ ብገላገልስ?

ጋሼ፦ የምትፈልገው ታሪኩን ብቻ ከሆነ እሱ ይሻልሃል። ግን የዚህ ጌም ታሪክ ከአጨዋወቱ ጋር የተገመደ ነው። ስፒራ በምትባል ዓለም ሲን የሚሉት ግዙፍ ፍጥረት ከተሞችን ያጠፋል፤ ዩና የተባለች ወጣት እሱን ለማስቆም ከቤተ መቅደስ ወደ ቤተ መቅደስ ትጓዛለች፤ አንተ ከጠባቂዎቿ ጋር ትከተላታለህ። መንገዱን በሙሉ አብረህ የሄድክ፣ የጠባቂዎቿን ጉልበት ደረጃ በደረጃ ያሳደግክ ከሆነ መጨረሻው የሚሰማህ የደከምክበት ስለሆነ ነው፤ ቪዲዮ ድካሙን አይሰጥህም። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ከዋናው ተከታታይ ገጸ ባሕርያቱ በድምፅ የሚናገሩበት የመጀመሪያው ይህ ቢሆንም፣ ሜኑውና የመንደርተኛው ንግግር የሚነበብ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ማንበብ የሚያሰለችህ ከሆነ ለሌላ ሰው ተወው።

ወጣቱ፦ ማንበቡ አይከብደኝም። እንግዲያው ግዛ ማለትዎ ነው?

ጋሼ፦ ቆይ፣ እስካሁን ያመሰገንኩት ጌሙን ነው፤ ማሽኑ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት አንብብ። ከአሜሪካ የመጣው ትልቁ ፕሌይስቴሽን 2 የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ፣ ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ላይ ከሰካኸው ይቃጠላል። ቀጥሎ ዲስኩ የየትኛው አገር ነው? ቺፕ ያልተገጠመለት የአውሮፓ ማሽን የአሜሪካን ዲስክ አይቀበልም። ሌንሱንም ፈትነው፤ ጌሙ መጀመሩ ብቻ አይበቃም፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይቆም ይሂድ። ዋናው ግን ሜሞሪ ካርዱ ነው። ይህ ጌም ሴቭ የሚደረገው በየመንገዱ በተቀመጡ የሚያበሩ ሉሎች ላይ ብቻ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትጓዝ መብራት ከሄደ፣ ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ የሠራኸው ሁሉ ይጠፋል። ካርዱ ራሱ ከተበላሸ ደግሞ የ10 ሳምንት ድካም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሻጩ ፊት ሴቭ አድርግ፣ አጥፋው፣ መልሰህ ክፈተው። ቢጫ፣ ቀይና ነጩን ገመድ የሚቀበል ቴሌቪዥን እቤት መኖሩንም አትርሳ።

ወጣቱ፦ እንዲህ ከሆነማ ርካሽነቱ የታል? ሌላ መንገድ የለውም?

ጋሼ፦ አለው። ይኸው ጌም ሥዕሉ ታድሶ፣ ተከታዩ 10-2 ተጨምሮበት፣ በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3፣ በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4፣ በ2016 ለኮምፒውተር ወጥቷል። የኮምፒውተሩ ጨዋታውን ማፍጠንና ድንገተኛውን ውጊያ ማጥፋት ይፈቅዳል፤ ራሱም ሴቭ ያደርጋል። ዕድሜ ያመጣውን ድካም አብዛኛውን ያቃልልልሃል ማለት ነው። «የመጀመሪያው ነው እውነተኛው» የሚሉህ ይኖራሉ። በልጅነቱ ለተጫወተው ሰው ትዝታው ዋጋ አለው፤ አንተ ግን ትዝታው የለህም፣ የሌለህን ትዝታ በብር አትግዛ። ውሳኔውም ይኸው ነው፦ ፕሌይስቴሽን 4 ወይም የሚችል ኮምፒውተር ካለህ፣ ወይም የሚያውስህ ካገኘህ፣ የታደሰውን ያዝ። ከአሮጌው ሌላ ምንም ከሌለህና ማሽኑ ያልኩህን ፈተና ሁሉ ካለፈ፣ ግዛው፤ ጌሙ ይገባዋል። ሻጩ ሜሞሪ ካርዱን አላስፈትንም ካለህ ግን በግማሽ ዋጋም ቢሰጥህ አትግዛ።