ጓሳን በጣትህ እወቀው

ልጄ፣ ባለፈው «አያቴ፣ ጓሳ ማለት ሣሩ ነው ወይስ ቦታው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ሁለቱም ነው። መንዝ ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ያ ውርጫም ደጋ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው።

1. ጓሳ እንደ ሰርዶ መሬት ለመሬት አይሳብም። ጉች ጉች ብሎ፣ እያንዳንዱ ለብቻው እንደ ጎፈሬ ቆሞ ይበቅላል። በመሀሉ ስትሄድ እግርህ ራሱ ይነግርሃል፤ አንዴ ጉብታ፣ አንዴ ጉድባ ነው።

2. ውሃ ዳር ከሚበቅለው ቄጠማ ጋር እንዳታምታታው። አገዳውን በሁለት ጣትህ መሀል አሽከርክረው። የቄጠማ ሦስት ማዕዘን አለው፣ ይቆረቁርሃል፤ የጓሳ ድቡልቡል ነው።

3. ገመድ ይገመድበታል፣ መጥረጊያ ይታሰርበታል፣ እረኛም ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ትልቁ ሥራው ግን ክዳን ነው። ሲከደን ከታች ከጠርዙ ተጀምሮ ወደ ጉልላቱ ይወጣል፣ የላይኛው ነዶ የታችኛውን እየተጫነ፤ ያኔ ውሃው ሳይሰርግ ይወርዳል። እኔ ጎረምሳ ሳለሁ ጤዛው ሳይደርቅ አጭጄ ከመርኩት። በሦስተኛው ቀን እጄን ብከት እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ ውስጡ ሻግቷል። እምቢ ብዬ በዚያው ከደንኩ። ሐምሌ ሲገባ ሌሊቱን ሙሉ ባናችንን ከጥግ ጥግ ስናዞር አደርን። ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

4. ብቻህን ተነስተህ አትጨድ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የመንዝ አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሕዝቡ የመረጠው አባ ቄራ ይዘጋው ነበር፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። ሣሩ ሲጠና፣ በበጋ፣ ተከፈተ ይባልና አገሩ ሁሉ ይወጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና ያ ሥርዓት ፈረሰ። ሁሉም እንዳሻው ገባበት። ኋላ ሽማግሌውና ቀበሌው ተመካክረው፣ በኮሚቴም ይሁን በሌላ፣ ጥበቃውን መለሱት። መጠሪያው ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ መጠበቅ።

5. እሳት አትልቀቅበት። በጉቾቹ መሀል አይጥ አለች፣ አይጧን ቀይ ቀበሮ ይበላል።

የኔ ቤት አሁን ቆርቆሮ ነው። ማድ ቤቱ ግን እስካሁን ጓሳ ነው፤ ለገና ስትመጣ እጅህን ከክዳኑ ሥር አስገብተህ ዳስሰው።