ለማይጠጣው እንግዳ፦ የናናና የሎሚ መጠጥ

ልጄ፣ ድግስ ልታሰናዳ ነውና ስለ መጠጡ ልምከርህ። ጠላው ይጠመቃል፣ ቢራው በሳጥን ይገባል፤ ለማይጠጣው ሰው ግን ማንም ቀድሞ አያስብለትም። መኪና የሚነዳው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ መድኃኒት የጀመረው፣ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት፣ ልጆቹም ሁሉ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይቀመጥላቸውና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ይህ ልክ አይደለም። እነርሱም የተደከመበት መጠጥ ይገባቸዋል።

1. መጠጡ ከየት እንደመጣ እወቅ። በየካፌው ሞሂቶ የሚሉት የኩባ ነው። እዚያ ሮም ከሚባለው የሸንኮራ አገዳ አልኮል፣ ከሎሚ፣ ከስኳር፣ ከናናና ጋዝ ካለው ውሃ ይቀላቀላል። ኩባ ለእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በተባለችው የኩባ ደሴት ትምህርቱን ከግሬፕፍሩት እርሻ ሥራ ጋር እያጣመሩ አድገዋል። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ደግሞ ሎሚና ናናን ከበረዶ ጋር ፈጭተው የሚያቀርቡትን ያውቃሉ። እርሱም መልካም ነው፤ እኔ ግን የምነግርህ የኩባውን ያለ አልኮል ስለ መሥራት ነው።

2. ሮሙን ስታስቀር በቦታው ሌላ ነገር ተካ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የናና ሽታ ያለው በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይቱ በአልኮል በደንብ ይሟሟል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ግን እምብዛም አይወጣም። ሮሙን አውጥተህ ሌላውን እንዳለ ከተውከው የምታገኘው ቅጠል የተንሳፈፈበት የሎሚ ውሃ ነው። ስለዚህ ሽታውን በሙቀት አውጣው። አንድ ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ እሳት ላይ ጣድ፤ ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ብቻ አማስለውና አውርደው። በትኩሱ አንድ ጭብጥ የናና ቅጠል ጨምርበትና ወዲያው ክደነው፤ ክዳኑን ከረሳህ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ካረፈ በኋላ በማጥለያ አጥልለው። ቅጠሉን እስከ ማግስቱ ውስጡ ካሳደርከው የሣር ጣዕም ይይዛል። ሽሮፑን አቀዝቅዘህ በንጹህ ጠርሙስ ፍሪጅ አስገባው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም ጨርሰው። በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ጨው ብታክልበት ምሬቱን ያለዝባል። የጨው ጣዕም እንዳይሰማ ግን ከዚያ አትለፍ።

3. ናናውን አትውቀጠው። ሽታ ያለው ዘይት የሚገኘው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ በጣም ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ከረጢቶቹም በቀላሉ ይፈነዳሉ። በብርጭቆው ታች ጥቂት ቅጠል ከሽሮፑ ጋር አድርገህ በእንጨት ማማሰያ እጀታ ቀስ እያልክ ተጫነው፤ ሽታው አፍንጫህ ሲደርስ አቁም። ቅጠሉ ከደቀቀ አረንጓዴው ጭማቂ ይወጣና መጠጡን መራራ ያደርገዋል፤ ፍርፋሪውም የእንግዳው ጥርስ ላይ ይቀራል። ስትገዛ ደግሞ ቅጠሉን አሽተህ አሽትተው። ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ለሻይ የምንወደው ዓይነት ይስማማል። እንደ ጥርስ ሳሙና የሚያቃጥል ከሆነ ግን መጠኑን በግማሽ ቀንስ፤ አለዚያ ሎሚውን ይውጠዋል።

4. ሎሚው ትንሹ የእኛው ሎሚ ይሁን። ልጣጩ ስስ የሆነውን፣ በእጅህ ስትይዘው ክብደት ያለውን ምረጥ። ከፍሪጅ እንደወጣ አትጭመቀው፤ ቅዝቃዜው ሲለቀው ጠረጴዛ ላይ በመዳፍህ አንከባለው፣ ከዚያ ቁረጠው። የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት ልጣጩን አትጠምዝዝ፤ ምሬቱ ያለው እዚያ ነው። በድግሱ ዕለት ጭመቅ፣ ያደረ ጭማቂ መዓዛው ይጠፋል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ብዙ ሎሚ የጨመቀ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ እንዳይወጣ። የሎሚ ጭማቂና የልጣጩ ዘይት ያረፈበት ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊያቃጥልና ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ግቢ ውስጥ የሚያግዙህን ልጆች በተለይ ጠብቃቸው።

5. አምቦ ውሃን የምትጨምረው በመጨረሻ ነው። አምቦ ከምንጩ ብዙ ማዕድን የያዘ ውሃ ነው፤ ውስጡ ያለው ባይካርቦኔት የሎሚውን አሲድ ያለዝበዋል። ስለዚህ በውጭ አገር በተራ የጋዝ ውሃ የተለካውን ልክ እንዳለ ብትወስደው ኮምጣጣነቱ ይቀንስብሃል። አምቦውን ከጨመርክ በኋላ ቅመስና ሎሚ አክል እንጂ፣ በፊት ቀምሰህ አትፍረድ። ውሃው በጣም የቀዘቀዘ ይሁን፣ በብርጭቆው ጎን ቀስ ብሎ ይፍሰስ፤ በረዥም ማንኪያ ከታች ወደ ላይ አንዴ ካማሰልከው ይበቃል። ብዙ ያማሰሉት ጋዝ አይቆይም።

6. ለአንድ ሰው ልኩ ይህ ነው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ፣ ከ6 እስከ 8 የናና ቅጠል፣ ብርጭቆውን ከግማሽ በላይ የሚሞላ በረዶ፣ ከዚያም ግማሽ ያህል ብርጭቆ አምቦ። ሎሚው ትንንሽ ከሆነ 2 ወይም 3 ይፈጃል። ለ10 ሰው ጭማቂውንና ሽሮፑን በጆግ ቀላቅለህ ማቆየት ትችላለህ፤ አምቦውን ግን እንግዳው ሲቀመጥ ጨምር።

7. በረዶው ፈልቶ ከቀዘቀዘ ወይም ከታሸገ ውሃ ይሠራ። ውሃ ሲረጋ ጀርሙ አይሞትም፤ ሲቀልጥ አብሮ ይጠጣል። ናናውም በጥሬው የሚበላ ቅጠል ነው፣ በምን ውሃ እንደለማ ደግሞ አታውቅም። እስሩን ፈትተህ ቅጠል በቅጠል ደጋግመህ እጠበው፣ መጨረሻውንም በንጹህ ውሃ አለቅልቀው።

8. ከቻልክ ናናውን ራስህ ትከለው። ከገበያ ከገዛኸው ጤነኛ ግንድ ቁረጥና የታች ቅጠሉን አንስተህ ውሃ ውስጥ አቁመው፤ ሥር ሲያወጣ ወደ አፈር ይዛወራል። እርጥበት ይወዳል። ሥሩ ግን ወራሪ ስለሆነ መደቡ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በማሰሮ ወይም በቆርቆሮ ይሁን። ከማበቡ በፊት ጫፉን ቁረጥለት፣ እየቆረጥከው ይበረክታል።

9. መጠጡ አልኮል የለውም ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ሽሮፑን ትተህ ሎሚ፣ ናናና አምቦ ብቻ ለይተህ አዘጋጅ፤ ጆጉንም ለይተህ አስቀምጥ፣ እንዳይቀያየር።

10. አቀራረቡ ላይ አትሰስት። ከእንስሳት የተገኘ ነገር ስለሌለበት ለጾመኛው ይሆናል፣ በረመዳንም ለአፍጥር ይቀርባል። ለወይኑ ያወጣኸውን ጥሩ ብርጭቆ ለዚህም አውጣ፤ ከላዩ አንድ የናና ጫፍ አድርግበት። ማንንም «ለምን አትጠጣም?» ብለህ አትጠይቅ፣ በሞቴ እያልክም ቢራ አታስይዘው። ምክንያቱ የራሱ ነው። ቢራው ከመከፈቱ በፊት ለእርሱ ቅዳለት፣ ሲጎድልም ሳይጠይቅህ ሙላለት።