የፊት ጥርስ የት ይቁም?

ጥርስ ለሌላቸው ታካሚ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ የመጀመሪያው ስህተቴ የፊት ጥርሶቹን ልክ ድዱ አናት ላይ መደርደሬ ነበር። ለዓይን ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የላይኛው መንጋጋ ፊት አጥንት በብዛት የሚያልቀው በከንፈር በኩል ስለሆነ፣ የቀረው ድድ ከድሮው ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል። እኔ የተከተልኩት ይህንኑ የሸሸውን ነው። ታካሚዬ መስታወት አይተው፦ «ልጄ፣ ከንፈሬ አሁንም ገብቷል እኮ» አሉኝ። ደግነቱ ገና ሰም ላይ ነበርን፤ አክሪሊክ ከሆነ በኋላ ቢሆን እንደገና መሥራት ነበር።

መምህራችን ኢንሳይሲቭ ፓፒላን አሳየኝ፤ ከፊት ጥርሶች ኋላ ላንቃ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ማለት ነው። የሁለቱ መካከለኛ ጥርሶች የፊት ገጽ ብዙውን ጊዜ ከመሃሏ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይውላል። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከንፈርና ንግግርም መታየት አለባቸው።

የንግግሩ ነገር ገርሞኛል። በእንግሊዝኛ ለ«ፍ» ድምፅ ታካሚውን ከሃምሳ ጀምሮ ማስቆጠር ይበቃል። በአማርኛ ግን ከአንድ እስከ መቶ ቢቆጠር አንድም «ፍ» የለም! ስለዚህ ጥርሶቹን ወደ ፊት ካወጣሁ በኋላ «አፋፍ»፣ «ፍርፍር» አስባልኳቸው። የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር መንካት ያለበት እርጥቡና ደረቁ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ ነካ። ለ«ስ» ግን ቁጥራችን ይበቃል፤ «ስልሳ ስድስት» ሲባል የላይና የታች ጥርሶች ሳይነካኩ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀራረባሉ።

እማማ «ፍርፍር» ብለው ሳቁ። «ካስጠራኸኝማ ታበላኛለህ!»