የቤተሰቡን ምስጢር ማን ያዘ? አገልጋዮች በኦስካር ዋይልድ ኮሜዲ ውስጥ

«ኧርነስት የመሆን አስፈላጊነት» ልንለው የምንችለው የኦስካር ዋይልድ ተውኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ የበቃው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1895 ለንደን ውስጥ በሴንት ጄምስ ቴአትር ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ባላባቶችን ወግ እያሳቀ የሚተች ኮሜዲ ነው። ርዕሱ ራሱ ኅብር አለው። «ኧርነስት» የሰው ስም ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ሲሰማ ቁም ነገረኛ፣ ከልቡ የሆነ ማለትም ነው።

ስለ ተውኔቱ ሲወራ የሚነሱት አብዛኛውን ጊዜ በሐሰት ስም የሚጫወቱት ሁለቱ ወጣቶች፣ ጃክና አልጀርነን ናቸው። እኔ ግን ሻይ ስለሚያቀርቡትና ልጅ ስለሚያሳድጉት ሰዎች ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። በእኔ እምነት በዚህ ተውኔት ዘር የሚቆጥሩት ጌቶች ቢሆኑም የዘሩን ምስጢር የያዘችው አገልጋይ ናት።

በመጀመሪያው ገቢር የምናገኘው የአልጀርነንን አሽከር ሌንን ነው። አልጀርነን ለአክስቱ ለሌዲ ብራክኔል የተዘጋጀውን ሳንዱች ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። አክስትየው ስትመጣ ሌን ዓይኑን ሳያሽ ለሳንዱቹ የሚሆነው አትክልት ከገበያ ጠፍቷል ብሎ ጌታውን ያድነዋል። የጌታውን ሻምፓኝም አሽከሮቹ እንደሚጠጡት ከጨዋታቸው እንረዳለን፤ ጌታው ያውቃል፣ አሽከሩም መታወቁን ያውቃል። እንግዲህ የጌታው ክብር የቆመው በአሽከሩ ውሸት ላይ ነው ማለት ነው።

በሁለተኛው ገቢር የገጠሩ ቤት አሽከር ሜሪማን ብዙም አይናገርም። ግን ግዌንዶሊንና ሴሲሊ በአንድ ወንድ ምክንያት ሊናከሱ ሲደርሱ እሱ ሻይ ይዞ ይገባል፤ ሁለቱም ወዲያው ጨዋ ይሆናሉ። የመድረክ መመሪያውም አገልጋዮች ባሉበት ሴቶቹ ራሳቸውን ለመግታት እንደሚገደዱ በግልጽ ይናገራል። ጠቡ ግን አልቆመም፤ ሴሲሊ ስኳር አልፈልግም ላለችው እንግዳ ስኳሩን ትሞጅርባታለች። ጨዋነት ለካ ተመልካች ይፈልጋል፤ ተመልካቹ ደግሞ አሽከሩ ነው።

ዋናው ነገር ያለው ግን የሴሲሊ የቤት አስተማሪ በሆነችው በሚስ ፕሪዝም ታሪክ ውስጥ ነው። ጃክ ግዌንዶሊንን ለማግባት ሲጠይቅ እናቷ ሌዲ ብራክኔል እንደ ዳኛ ትመረምረዋለች። ዓመታዊ ገቢው ከሰባት እስከ ስምንት ሺህ ፓውንድ ነው፤ ከተማም ገጠርም ቤት አለው። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ደህና ነው። ወላጆቹ ሲጠየቁ ነገር ይበላሻል። ጃክ በሕፃንነቱ የተገኘው በቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ፣ በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው። «ወርዚንግ» የሚለው የቤተሰብ ስሙም ያገኘው ሰው በኪሱ ይዞት ከነበረው፣ ወርዚንግ ወደምትባል ከተማ ከሚወስድ የባቡር ትኬት የተወሰደ ነው! ሌዲ ብራክኔል ልጇን ለእንዲህ ያለ ሰው አልድርም ትላለች።

በሦስተኛው ገቢር ጉዱ ይወጣል። ሚስ ፕሪዝም ከ28 ዓመት በፊት በሌዲ ብራክኔል ቤት ሞግዚት ነበረች፤ በሐሳብ መባከን የልቦለድ ረቂቋን በሕፃኑ ጋሪ፣ ሕፃኑን ደግሞ በቦርሳዋ ከትታለች። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልብ እንበል። እስካሁን «ሚስ» ስትባል የቆየችውን ሴት ሌዲ ብራክኔል ባዶ ስሟን ጠርታ ወዲህ እንድትመጣ ታዛታለች። ወደ አማርኛ ብንመልሰው «እርስዎ» በድንገት «አንቺ» የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ሴትዮዋ በዚያች ቅጽበት ከአስተማሪነት ወደ ገረድነት ወረደች።

ዳሩ ግን ያለ እሷ ምስክርነት ጃክ ማን እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ቦርሳው ሲመጣላት ጭረቱንና የገበሩን እድፍ አይታ ትለየዋለች። በአንጻሩ ሌዲ ብራክኔል የገዛ እህቷን ባል የክርስትና ስም ማስታወስ ያቅታታል፤ ስሙ የሚገኘው ከጦር መኮንኖች መዝገብ ተፈልጎ ነው። ገረድየዋ የቦርሳዋን እድፍ ስታስታውስ እመቤቲቱ የዘመዷን ስም ረስታለች። ታዲያ ዘር ቆጣሪዋ የትኛዋ ናት?

ጃክ ሞግዚቷን እናቴ ናት ብሎ ያቅፋታል፤ አላገባሁም ብትለውም ይቅር ሊላት ዝግጁ ነው። ቀጥሎ የሌዲ ብራክኔል የእህት ልጅ መሆኑ ይታወቅና ሁሉም ደስ ይለዋል። በነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰውየው ምንም አልተለወጠም፤ ያው ጃክ ነው። የተለወጠው እናቱ ናት የተባለችው ሴት ማዕረግ ብቻ ነው። የገረድ ልጅ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሌዲ ብራክኔል ልጇን ትድርለት ነበር? ተውኔቱ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ አስቆን ያልፋል። እኔ ግን የኮሜዲው ወርቅ ያለው እዚያ ይመስለኛል፤ ሳቃችን ሲያበቃ የሚቀረው ጥያቄ ይኸው ነው።